ኮክና አፕል ለምን አልበቅል ይላሉ? ዘርን በእርጥብ ብርድ ስለማንቃት

የተከበራችሁ የችግኝ ጣቢያ ባለሙያዎችና አትክልተኞች፣ እንደምን አደራችሁ።

ለማዳቀያ፣ ማለትም የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚቀጠልበት፣ ችግኝ ፈልጋችሁ የኮክ ዘር ዘርታችሁ፣ መደቡ ባዶ የቀረባችሁ ብዙ ናችሁ። ዘሩ ሞቶ ላይሆን ይችላል፤ ተኝቶ ነው። ኮክ የቻይና፣ አፕል የመካከለኛው እስያ ተራሮች ዛፍ ነው። እዚያ ከብርዱ ወራት በፊት የወደቀ ዘር ቸኩሎ ቢበቅል ውርጭ ይፈጀዋል። ስለዚህ ብዙ ሳምንት ሳይበርደው አይነቃም። የእኛ ደጋ ይህን ያህል የዘለቀ ብርድ አይሰጠውም፤ ፍሪጅ ይሰጠዋል።

ግን እርጥብ ይሁን። ደረቅ ዘር ፍሪጅ ውስጥ ዓመት ቢከርም ያው ደረቅ ዘር ነው፤ አስቀመጣችሁት እንጂ አላነቃችሁትም።

ሥጋውን ፈትጋችሁ እጠቡ፤ ሥጋው ማብቀልን ያግዳል፣ ሻጋታም ይጠራል። የአፕሉን ዘር 24 ሰዓት፣ ኮኩን ከነቅርፊቱ 48 ሰዓት ውኃውን እየቀየራችሁ ዘፍዝፉ። ከዚያ አንድ እጅ ዘር ከሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። የአሸዋው እርጥበት የሚለካው በእጅ ነው፦ ስትጨብጡት ይያዝ፣ ውኃ ግን አያንጠባጥብ። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውኃ የጠገበ አሸዋ አየር ስለማያሳልፍ ዘሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ድብልቁን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጨምሩ፤ ላስቲኩንም በሁለት ሦስት ቦታ ብሱት።

ሙቀቱ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይሁን። የአትክልት መሳቢያው ይሻላል፤ በረዶ ቤቱ አይሆንም፣ ከዜሮ በታች ሥራው ይቆማል። አፕል ከ60 እስከ 90 ቀን፣ ኮክ ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈልጋል። ሰኔ 1 ለመዝራት ኮኩን የካቲት 1፣ አፕሉን መጋቢት 1 ማስገባት ነው፤ ወራችን ሠላሳ ሠላሳ መሆኑ ለዚህ ስሌት ተመችቶናል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አትደንግጡ፣ በሩን ብቻ አትክፈቱ። ለቀናት ከ20 ዲግሪ በላይ ከሞቀው ግን ተመልሶ ሊተኛ ይችላል።

«ቅርፊቱን ሰብሬ ብርዱን ላሳጥር» የሚል አይጠፋም። ብርዱን ያልጨረሰ የኮክ ዘር ከቅርፊቱ ወጥቶ ቢበቅል እንኳ ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ቁመቱ አጥሮ ድንክ ይሆናል። ለማዳቀል አይረባም።

በየሳምንቱ እዩት። የሻገተውን አውጡ፣ የቀረውን አጥባችሁ በአዲስ አሸዋ መልሱ። ነጭ ሥር ብቅ ያለውን ቀኑ አልደረሰም ብላችሁ አታቆዩት፤ ሥሩ ሳይሰበር፣ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይተከል። አፕል 2 ሴንቲ ሜትር፣ ኮክ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል።

ይህን ግን ለግራር አትሞክሩት። የእሱ ችግር ውኃ የማያስገባ ቅርፊት ነው፤ መድኃኒቱም ቅርፊቱን መፋቅ ወይም የፈላ ውኃ ነው። ማንጎን ደግሞ ብርዱ ራሱ ይገድለዋል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ በሉ፤ ሦስት ጣሳ አሸዋ አለ፣ የትኛው ውኃ እንደበዛበት በእጃችሁ ጨብጣችሁ ንገሩኝ።