በፔርሙስ ያለ ሾርባ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ቢጎረንንባችሁ አትፍረዱብኝ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ሳንድዊች እናውራ።

1968 ላይ ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አልቪን የምትባል ትንሽ የአሜሪካ የምርምር ሰርጓጅ መርከብ ሦስት ሰዎች ይዛ ወደ ባሕር ልትገባ ስትል የተንጠለጠለችበት የብረት ገመድ ተበጠሰ። በሯ ገና አልተዘጋም ነበር። ውሃው ገባባት። ሰዎቹ እንደምንም ተሯሩጠው ወጡ። እሷ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ወርዳ የባሕሩ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ምሳቸውም አብሯት ወረደ።

ጎትተው ያወጧት ከአሥር ወር በኋላ ነው። ውስጧን ሲፈትሹ ሳንድዊቹ አለ። ፖሙ አለ። በፔርሙስ የነበረው ሾርባ አለ። ዳቦው ውሃ ጠጥቶ ረሰረሰ እንጂ አልበሰበሰም። እስቲ እናንተ ሳንድዊች ጠረጴዛ ላይ ረስታችሁ አንድ ሳምንት ሂዱ፤ ስትመለሱ ጠጉር አብቅሎ ይጠብቃችኋል።

ሆልገር ያናሽ የሚባል የማይክሮብ ተመራማሪ ነገሩን ያዘው። ያው ምግብ ላይ ወጥቶ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ በጥቂት ሳምንት ተበላሸ። ስለዚህ ያቆየው ብርዱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ወደ ባሕር አሥር ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር አንድ ከባቢ አየር የሚያህል፣ ማለትም ምድር ላይ አየሩ የሚጫነንን ያህል ግፊት ይጨመርባችኋል። 1,500 ሜትር ላይ 150 እጥፍ መሆኑ ነው። በዚያ ብርድና ግፊት የባክቴሪያ ሥራ እጅግ ዘገምተኛ ይሆናል። አሁን አስቡት፤ አንድ ተመራማሪ «ሳንድዊች ባሕር ውስጥ ጥዬ አሥር ወር ልጠብቅ፣ በጀት ስጡኝ» ቢል ማን ይሰማዋል?

እንግዲህ ወደ ሌሊቱ ልመለስ። የምርምር መርከቦች ሰው አልባ መሣሪያቸውን ወደ ታች ሲያወርዱ ካሜራው የሚያየውን በኢንተርኔት በቀጥታ ያስተላልፋሉ። እሱን እያየሁ ነው ያደርኩት። ምን አየህ ካላችሁኝ፣ ጭቃ። ሰዓት ሙሉ ጭቃ። በመብራቱ ፊት ነጫጭ ብናኝ ዝም ብሎ ይወርዳል። የባሕር በረዶ ይሉታል፤ ነገር ግን በረዶ አይደለም። ላይ የሞቱ ጥቃቅን ፍጥረቶች ፍርፋሪና ኩስ ነው፣ የታችኞቹ ቀለብ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ስመለስ ተመራማሪዎቹ በደስታ ይጮኻሉ። አንድ ነገር አልፏል። ምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም፤ ስክሪኑ ላይ ያው ጭቃ ነው ያለው።

እኔ ደግሞ ቀኔ ከዕቅዴ ዝንፍ ካለ እስከ ማታ ፊቴ የማይፈታ ሰው ነኝ። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም የ1977ቱ ታሪክ ከጭንቅላቴ የማይወጣው።

ጂኦሎጂስቶች ጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ ሄዱ። ፍለጋቸው ፍል ውሃ ነው፤ የባሕሩ ወለል በሚሰነጠቅበት ቦታ መውጣት አለበት ብለው። መጀመሪያ ካሜራ በገመድ አስረው ጎተቱ። የሙቀት መለኪያው ለአፍታ ብድግ ብሎ ወረደ። ካሜራው ካነሳቸው 3,000 ገደማ ፎቶዎች 13ቱ ላይ ብቻ የተከመረ ነጭ ዛጎል ታየ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጥቁር ድንጋይ ነው። አልቪን (አዎ፣ ያቺው ባለ ምሳዋ) ወደ 2,500 ሜትር ወረደች። ዛጎል፣ ሸርጣን፣ ጫፋቸው ደም የመሰለ ረጃጅም ነጭ ቱቦዎች። ለካ ቱቦዎቹ ትል ናቸው።

መርከቧ ላይ አንድም የሥነ ሕይወት ባለሙያ አልነበረም። ድንጋይ ሊያዩ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ናሙና ማቆያ ፎርማሊን እንኳ በቂ ስላልያዙ የተወሰነውን ከፓናማ በተገዛ ቮድካ ዘፈዘፉት። የውሃውን ናሙና ሲከፍቱት ደግሞ የገማ እንቁላል ሸተተ።

ሽታው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነበር፤ ለእኛ መርዝ ነው። ትሉ ደግሞ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ግን አፍ የለውም፣ አንጀት የለውም። ታዲያ በምን ያድጋል? 1980 ላይ ኮሊን ካቫኖ የምትባል የሃርቫርድ ተማሪ ስለዚሁ ትል ገለጻ እየሰማች ነው። ተናጋሪው በመሃል ሰውነቱ ውስጥ የድኝ ቅንጣት እንደተገኘ ጠቀሰ። እሷ ብድግ አለች። ውስጡ ባክቴሪያዎች አሉ ማለት ነው፣ በዚያ በሚገማው ነገር ምግብ የሚሠሩለት እነሱ ናቸው አለች። ልክ ነበረች። ፀሐይ ደርሶበት በማያውቅ ቦታ የሚበስል ቀለብ!

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። 1960 ላይ ዣክ ፒካርድና ዶን ዎልሽ ትሪየስት በምትባል መርከብ ወደ ማሪያና ገደል ወረዱ፤ 11 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጥልቀት ነው። አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው። መንገድ ላይ አንድ መስኮት ተሰንጥቆ መርከቧ ተንቀጠቀጠች። እኔ ብሆን እዚያው ነበር የምመለሰው፤ እነሱ ቀጠሉ። ታች ሆነው ሲናገሩ ድምፃቸው ውሃው ላይ ያለችው አጃቢ መርከብ ዘንድ የሚደርሰው ከሰባት ሰከንድ በኋላ ነው። የቆዩት 20 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀሰቀሱት ጭቃ ውሃውን ወተት አስመሰለው፣ ፎቶም አላነሱም። ፒካርድ ግን ጠፍጣፋ ዓሣ አይቻለሁ አለ።

የዛሬ ተመራማሪዎች አይቀበሉትም። እስካሁን በካሜራ ከተቀረጹት ዓሣዎች ጥልቁ ላይ የተገኘው 2022 ላይ ጃፓን አጠገብ 8,336 ሜትር ላይ የታየው ነው። ከዚያ ብዙም ሳይወርድ የዓሣ ሰውነት ግፊቱን አይችለውም ይላሉ። ፒካርድ ያየው ሌላ ፍጥረት ሳይሆን አይቀርም።

እኔ አልፈርድበትም። ትናንት ሌሊት ሁለት ጊዜ «ያውና!» ብዬ ብቻዬን ጮኼአለሁ። አንዱ ድንጋይ ነበር። ሌላው የመሣሪያው የራሱ ጥላ።

ዛሬ ማታም ይወርዳሉ። ሻዩን አስቀድሜ በፔርሙስ ሞልቼ አጠገቤ ነው የማስቀምጠው።