ቆስጣና ውሃው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቆስጣ ነው። ወጥ መሥራት ሙያዬ ነው ለማይሉ፣ ማታ ቤት ገብተው ያለውን ከያለበት ሰብስበው አንድ ነገር ጣድ ለሚያደርጉ ሰዎች። ቆስጣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚመች ቅጠል ነው። ቶሎ ይደርሳል፤ ከሽሮም፣ ከእንቁላልም፣ ከተረፈ እንጀራም ጋር ይስማማል። ግን ብዙ ሰው አንዴ ሞክሮ «ውሃ ውሃ አለብኝ» ብሎ ይተወዋል። ቅመም ያነሰው ይመስለውና በርበሬ ይጨምራል፣ ጨው ይጨምራል፣ አሁንም ውሃ ውሃ ይላል። የቆስጣ ጉዳይ የውሃ ጉዳይ ነው። ከ100 ግራም ጥሬ ቅጠል ውስጥ 90 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። እሳት ሲነካው ያ ውሃ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላም አንድ ነገር ሊጠጣው ወይም በእንፋሎት ሊሄድ ይገባል። እዚህ ላይ ከተግባባን የቀረው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ «ስፒናች አለ?» ብትሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ቆስጣ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ግን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ስፒናች ቅጠሉ ትንሽና ስስ፣ አገዳው ቀጭን፣ ወደ ሥሩ ቀላ ያለ ነው። ቆስጣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ መሃሉን ይዞ የሚወርድ ወፍራም ነጭ አገዳ አለው። ስሙም እንደ ፒያሳ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ «ኮስታ» የጎን አጥንት ማለት ነው፣ አገዳውን ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣለት ይገባዋል። ዛሬ የምላችሁ ለሁለቱም ይሠራል፤ የቆስጣው አገዳ ብቻ ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። ጎመን ግን ሌላ ነው። ጎመን ወፍራም ነው፣ 20 እና 30 ደቂቃ እሳት ይችላል፣ ይህን ያህል ውሃም አይለቅም። በጎመን አሠራር ቆስጣ የሠራ ሰው የሚያገኘው ቡላ የሚመስል አረንጓዴ ነገር ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቆስጣና ቀይ ሥር በዘር አንድ ዕፅ ናቸው፤ አንዱ ለቅጠሉ፣ ሌላው ለሥሩ ተመርጦ የተለያየ ሆነ እንጂ። ስለዚህ ቀይ ሥር ስትገዙ ቅጠሉን አስቆርጣችሁ አትጣሉት። ለጋ ከሆነ ልክ እንደ ቆስጣ ይበስላል፤ ወጡን ትንሽ ቀላ ያደርገዋል፣ ሌላ ልዩነት የለውም።

አስተጣጠቡ ላይ ቀልድ የለም። ቅጠሉን ሳትከትፉት እጠቡ፤ ተከትፎ ሲታጠብ አፈሩ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ይጣበቃል፣ ከቅጠሉም ብዙ ነገር በውሃው ይሄዳል። ሰፋ ያለ ሳፋ በውሃ ሙሉ፣ ቅጠሉን ንከሩት፣ በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉና 5 ደቂቃ ተዉት። አፈሩ ይዘቅጣል፣ ቅጠሉ ይንሳፈፋል። ከዚያ ቅጠሉን በእጃችሁ አንስታችሁ ወደ ሌላ ዕቃ አውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሳፋውን ከነቅጠሉ ወንፊት ላይ ይገለብጠዋል፣ የዘቀጠው አፈር ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይፈስሳል፣ ምሳ ላይ ጥርስ ሥር ቀርጨጭ ይላል። ሳፋው ሥር በጣታችሁ ስትዳስሱ አሸዋ እስኪጠፋ ድገሙት። በበጋ ሁለቴ ይበቃል፤ በክረምት ጭቃው ስለሚረጭበት ሦስቴ፣ አንዳንዴም አራቴ ነው። በምን ውሃ እንደለማ የማታውቁትን ቅጠል ደግሞ ጥሬውን አትብሉ፣ አብስሉት።

አሁን ወደ እሳቱ። አገዳውን ከቅጠሉ ለዩና ግማሽ ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ክተፉት፤ እሱ ከሽንኩርት ጋር ቀድሞ ይገባል፣ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ቅጠሉን ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ጠብ የሚለው ውሃ ከተራገፈ በኋላ ቅጠሉን በጋለ ሰፊ ድስት ያለ ዘይትና ያለ ክዳን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ማገላበጥ ነው። ሌላ ውሃ አትጨምሩ፤ ሲታጠብ የያዘው ይበቃዋል። ሁለተኛው፣ ጨው በነካው በሚፍለቀለቅ ውሃ 1 ደቂቃ ነክሮ ማውጣትና ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ነው። በሁለተኛው መንገድ ጥርስ ላይ የሚሻክረው ኦክሳሊክ አሲድ የተባለው ነገር ከፊሉ በውሃው ይሄዳል፣ ስለዚህ ያን ውሃ ድፉት፤ ለሾርባ አታስቀምጡት። የኩላሊት ጠጠር ያስቸገረው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሁለተኛውን ምረጡ፤ እንደዚያም ሆኖ ቆስጣ ለእሱ የዘወትር ምግብ አይሁን።

በሁለቱም መንገድ ከወጣ በኋላ ሲበርድ እፍኝ እፍኙን ይዛችሁ ጭመቁት። የእንቁላል ያህል ድቡልቡል አድርጋችሁ ጠብታው እስኪቆም። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቅጠል ድስት ሞልቶ ገብቶ ከአንድ ብርጭቆ ብዙም ሳይበልጥ ይቀራል፤ ለሁለት ሰው ስትገዙ ይህን አስቡ። ጨውም ስለዚህ ነው መጨረሻ የሚገባው። ድስቱ ሙሉ ሳለ ባያችሁት መጠን ጨው ብትበትኑ ቅጠሉ ሲኮማተር ጨው ብቻ ትበላላችሁ።

ከዚህ በኋላ ቤት ያለውን እያያችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ውሃውን ማን ይጠጣዋል?

ሽሮ ይጠጣዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ቅጠሉን መጭመቅ እንኳ አያስፈልግም። ለሁለት ሰው አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፉና በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላሉት፤ የቆስጣውን አገዳ እዚያው ጨምሩ። 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይግባ፣ 1 ደቂቃ ብቻ፤ ካረረ ይመርራል። 5 የሾርባ ማንኪያ ምጥን ሽሮ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። እጁ የለመደ ሰው ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ እየነሰነሰ ያማስላል፣ እናንተ ግን መጀመሪያ በጥብጡት፣ አይጓጉልባችሁም። ሌላ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩና በለስላሳ እሳት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አንተክትኩት። ቅጠል ለማይገባበት ሽሮ ከምታደርጉት ትንሽ ወፈር ብሎ መታየት አለበት። ሁለት እፍኝ የተከተፈ ጥሬ ቅጠል ጨምሩ፣ ክዳኑን አንሱ፣ 4 ደቂቃ ስጡት። ቅጠሉ ውሃውን ይለቃል፣ ሽሮው ይጠጣዋል፣ ውፍረቱ ልኩን ይይዛል። ቅጠሉ ከመጀመሪያው ከገባ ግን ሽሮው ሳይበስል ይቀጥናል፤ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ መልኩም ይበላሻል። ምጥን ሽሮ አንዳንዱ ጨው ስላለው ቀምሳችሁ ጨምሩ።

እንቁላል በተቃራኒው ውሃ አይጠጣም። ስለዚህ ለእንቁላል ቅጠሉ የግድ መጨመቅ አለበት። ሩብ ኪሎ ጥሬ ቅጠል ለ4 እንቁላል ልክ ነው። ግማሽ ሽንኩርትና አንድ ቃሪያ በ2 ማንኪያ ዘይት ጠበስ ጠበስ አድርጉ፣ የተጨመቀውን ቅጠል በትኑና 1 ደቂቃ አድርቁት። መጥበሻው መንጫጫት አቁሞ ጭስ መሳይ ነገር ካሳየ ዘግይታችኋል፤ እየተንጫጫ፣ ግን ሥሩ ውሃ ሳይታይ ነው እንቁላሉ የሚገባው። እሳቱን ቀንሱ፣ ቀስ እያላችሁ ከዳር ወደ መሃል ሰብስቡት፣ ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው አውርዱት፤ የቀረውን መጥበሻው ራሱ ይጨርሰዋል። ሰሐኑ ላይ አረንጓዴ ውሃ ካቆረ ቅጠሉ በደንብ አልተጨመቀም ማለት ነው። ቲማቲምም አልመክርም። ሁለት ውሃ የሚለቅ ነገር እንቁላል አይችልም።

የተረፈ እንጀራ ካለ ደግሞ ፍርፍር ነው። ሽንኩርቱን አቁላሉ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጠብታ ጠብታ ውሃ እየሰጣችሁ 7 ደቂቃ አብስሉ፤ በርበሬ ካልበሰለ ጉሮሮ ይፍቃል። ግማሽ ብርጭቆ ውሃና ሁለት እፍኝ ጥሬ ቅጠል ይግቡ፣ ሲጠወልግ ሁለት እንጀራ ቆራርሳችሁ ጨምሩና ወዲያው አውርዱት። የአሁን እንጀራ ይላቆጣል፤ የትናንቱ ይሻላል፣ በፀሐይ የደረቀው ድርቆሽ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይጠጣል፣ ለእሱ ውሃውን ወደ አንድ ብርጭቆ አድርሱት።

የድንችና የቆስጣ አልጫ እዚህ ከተማ ስንሠራ አንድ ነገር እናስታውስ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ለቅጠሉ ምንም አይደለም፣ ለድንችና ለምስር ግን ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ ድንችና ቆስጣን አብሮ መጣድ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ድንቹ እስኪበስል ቅጠሉ አልቆለታል። 3 ድንች 2 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ፣ በሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ውሃው ድንቹን ለጥቂት ሳይሸፍነው፣ 20 ደቂቃ ገደማ አብስሉ። ቢላዋ ሲገባበት ከመሃሉ ትንሽ ብቻ ካንገራገረ ግማሽ ኪሎውን ቅጠል ጨምሩና ክዳኑን አንሱ፣ 5 ደቂቃ። ቲማቲም መጨመር የምትወዱ ድንቹ ከበሰለ በኋላ ይሁን፤ ኮምጣጣ ነገር ድንችንም ምስርንም ቶሎ እንዳይበስል ይይዘዋል።

በፍስክ ቀን አይብ አለ። ግማሽ ኪሎ ቅጠል ተጠብሶ፣ ተጨምቆ፣ በደቃቁ ተከትፎ፤ ሩብ ኪሎ አይብ፤ 2 ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ከሆነ ሌላ ቅመም አትፈልጉ። ቅጠሉን በቅቤው አሙቁት፣ ድስቱን አውርዱ፣ አይቡን ከእሳት ውጪ አዋሕዱት። እሳት ላይ የተለወሰ አይብ ይጠጥራል፣ አጓቱንም ይለቅቃል፤ ያን ሁሉ መጭመቅ በከንቱ ታስቀሩታላችሁ። በጾም የአይቡን ቦታ ሰሊጥ ይተካል። ከመተማ በኩል የሚመጣው ሰሊጥ እጃችን ላይ ነው፤ 2 ማንኪያ በደረቅ መጥበሻ መንጣጣት እስኪጀምር ቁሉት፣ ከጨው ጋር ሸክሸክ አድርጉት፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቆስጣ ላይ ነስንሱት።

የፎገራ ሩዝ ከሆነ፣ ሩዙ በስሎ ሲወርድ የተከተፈ ቅጠል ቀላቅሉበትና 3 ደቂቃ ክደኑት፣ በቃ። ለፓስታም ፓስታው ሊወርድ 1 ደቂቃ ሲቀረው ቅጠሉን እዚያው ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አብራችሁ አጥልሉት።

አረንጓዴነቱ ለምን ይጠፋል ለምትሉ፦ አሲድ ነው። ቅጠሉ ራሱ ሲበስል የሚያወጣው አለ፣ ክዳን ያፍነዋል፤ ሎሚና ቲማቲምም አሲድ ናቸው። አሲዱ ከአረንጓዴው ቀለም ውስጥ ማግኒዥየሙን ያስለቅቀዋል፣ ቅጠሉም ወደ ጭቃማ ቡናማ ይሄዳል። ስለዚህ ክዳን ይነሳ፣ ሎሚ ሰሐን ላይ ይጨመቅ። ቤኪንግ ሶዳ ጣል የሚያደርጉ አሉ፤ መልኩን ይጠብቃል፣ ግን ቅጠሉን ያልፈሰፍሰዋል፣ ቫይታሚን ሲውንም ይጎዳዋል። ይቅርባችሁ።

ያልታጠበ ቅጠል በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ለሌለው፣ አገዳውን ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙት፣ እስከ ነገ ይደርሳል። የበሰለው በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግሥቱ አንዴ ብቻ ይሙቅ። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። ያደረውን ለሕፃን አትስጡ፤ በውስጡ ያለው ናይትሬት ሲቆይ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፣ ለጨቅላ አይበጅም። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ቆስጣ መብላት ከመጀመሩ ወይም መጠኑን ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ቅጠሉ ቫይታሚን ኬ የበዛበት ስለሆነ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሳል።

ስለ ብረትም ልበል። ቆስጣ ደም ይሆናል እያልን ነው ያደግነው። ብረት አለው፣ ግን ሰውነታችን ከዚያ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ሎሚውና ጥሬ ቃሪያው የሚረዱት እዚህ ላይ ነው፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ያግዘዋል። ቡናና ሻይ ደግሞ ያግዱታል፣ ስለዚህ በምግቡና በቡናው መካከል አንድ ሰዓት ያህል ይኑር። ጎንደር ላይ ከምሳ በኋላ ቡና ይቅር የሚል የለም፣ እኔም አልልም። ጀበናውን ቀድማችሁ አትጣዱት እንጂ። ማዕዱ ከተነሳ በኋላ ቡናው ይታጠብ፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ ሰክኖ አቦሉ እስኪቀዳ ሰዓቱ ይሞላል።