ሳይለቀም የተፈጨ ድንጋይ

የተከበራችሁ የትምህርት ክፍሉ መምህራን፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ክቡራን እንግዶች፤

ለተሰናባች ማመስገን ወግ ነውና ከሁሉ በፊት አመሰግናችኋለሁ። ብዙዎቻችሁ ለዓመታት ስለምታውቁኝ ግን ምስጋናዬን አሳጥሬ ወደ ሙግቴ ብገባ እንደማትቀየሙኝ አምናለሁ። ሙግቴም አንድ ነው፤ ከውቅያኖስ መካከለኛ ሸንተረር፣ ማለትም ከባሕር ሥር ካለው የተራራ ሰንሰለት፣ የወጣ የማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ንብርብር) ድንጋይ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ወደ መፍጫ መግባት የለበትም።

ይህን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ፣ ከደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሸንተረር መርከብ በብረት ቅርጫት ጎትታ ያወጣችው፣ ከጭብጥ የማይበልጥ የፔሪዶታይት (የማንትል ድንጋይ) ቁራጭ ተሰጠኝ። ላዩ ቢጫ የቀላቀለ ቡናማ ነበር፤ ይህ ብቻውን ሊያስጠነቅቀኝ በተገባ ነበር። እኔ ግን ለቁጥሩ ቸኩዬ ድንጋዩን እንዳለ ለአንድ ላቦራቶሪ ላክሁት፤ ጥቂት እንዲያስቀሩልኝ ስላልጠየቅሁም ሙሉውን ፈጩት። ውጤቱ ሲመጣ ማግኒዥየሙ ከሲሊካው አንጻር ከሚጠበቀው በታች ሆኖ አገኘሁት። እስከዚያ ድረስ ማንም ያላየውን የማንትል ዓይነት ያገኘሁ መስሎኝ ስጽፍ አድሬ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ገጽ ይዤ አማካሪዬ ዘንድ ገባሁ። እሳቸው አንዱንም ገጽ ሳይገልጡ «ቲን ሴክሽኑ የታለ?» አሉኝ፤ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ተቆርጦ የሳሳውን ስስ ቁራጭ ማለታቸው ነው። አልነበረም። በእጄ የቀረው በብልቃጥ የታሸገ ግራጫ ዱቄት ብቻ ነበር።

ከዚያው ቅርጫት የወጣ ሌላ ቁራጭ ተቆርጦ፣ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሳሳ ተሞርዶ ሲታይ ነገሩ ተገለጠ። የድንጋዩ ዋና ማዕድን የሆነው ኦሊቪን አብዛኛው ሰርፔንቲን ወደተባለ ውሃ አዘል ማዕድን ተለውጧል፤ የተረፈውንም የባሕር ውሃ በልቶት፣ ስንጥቆቹ በሸክላ ማዕድን ተሞልተዋል። ማግኒዥየሙ የጎደለው ከማንትል ሳይሆን፣ ድንጋዩ ባሕር ወለል ላይ ተጋልጦ በኖረበት ዘመን ነበር። ጆናታን ስኖውና ሄንሪ ዲክ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህንኑ የማግኒዥየም መታጠብ አሳትመው ሲያወጡ፣ ጽሑፉን ያነበብሁት አንገቴን ደፍቼ ነው። እናቶቻችን እህል ሳይለቅሙ ወፍጮ ቤት አይልኩም፤ እኔ ግን ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት የወጣውን ድንጋይ ሳልለቅም አስፈጨሁ።

በተለወጠ ድንጋይ ውስጥ እንኳ ምስክር የሚሆን ቅንጣት አይጠፋም። ስፒኔል የተባለው ማዕድን ከኦሊቪን ይልቅ ውሃን ይቋቋማል፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ለክሮሚየምና ለአሉሚኒየም ድምር ሲካፈል የሚሰጠው ቁጥር፣ ማንትሉ ከሸንተረሩ ሥር ሲወጣ ምን ያህሉ ቀልጦ ባዝልት እንደሆነ ይነግረናል። ቁጥሩ 0.3 ከሆነ የቀለጠው ወደ 12 በመቶ፣ 0.5 ከሆነ ደግሞ ወደ 17 በመቶ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው ድንጋዩ ከቀለጠ በኋላ ሌላ ቅላጭ ካላለፈበት ነው። ስፒኔሉ ፕላጂዮክሌዝ በተባለ ማዕድን ተከቦ፣ ቲታኒየሙም ከፍ ብሎ ከተገኘ ቁጥሩ ያሳስታችኋል፤ ይህን መከበብ የሚያይ ደግሞ ዓይን እንጂ ዱቄት አይደለም። ክሊኖፓይሮክሲን የተባለው ሌላ ማዕድን ቅሪት በብርቅዬ መሬት ንጥረ ነገሮች ረገድ የሚሰጠው ምስክርነትም እንዲሁ ቅንጣቱን ለይቶ በመለካት የሚገኝ ነው።

እንግዲህ እጠይቃለሁ፤ ለግዙፍ መለኪያ መሣሪያ ገንዘብ የሚፈቅዱ ኮሚቴዎች ለድንጋይ መቁረጫ መጋዝ ስንጠይቃቸው ለምን ይስቃሉ? መጋዙ አርጅቶ፣ ቲን ሴክሽን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ጡረታ ወጥቶ ምትክ ሳይቀጠርለት፣ ተማሪው ግን እስከ አራት አኃዝ የተተነተነ ሠንጠረዥ ይዞ እንዲመረቅ ይደረጋል። ይህ ሳይንስ አይደለም፤ የቁጥር አምልኮ ነው!

ፍርድ እንዳላጓድል፣ መፍጨትን ፈጽሜ የምቃወም አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት በረዶ ሰባሪ መርከቦች በአርክቲክ ከጋክል ሸንተረር ካወጧቸው ፔሪዶታይቶች አንዳንዶቹ በሚያስገርም ሁኔታ ሳይለወጡ የቆዩ ነበሩ፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ ቢፈጭ አልቃወምም፤ የኦስሚየም አይሶቶፖቻቸውም (በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች) ማንትሉ እስከ 2 ቢሊዮን ዓመት የሚደርስ ጥንታዊ የመቅለጥ ታሪክ እንደተሸከመ አመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ባለው በአትላንቲስ ማሲፍ ተራራ 1,268 ሜትር ድረስ የተቆፈረው ጉድጓድም ለብዙ ዓመት የሚበቃ ሥራ አለው። መርከብ ለሌለን ለእኛ፣ በአገራችን ከኢንጅባራና ከሜጋ ባዝልት ውስጥ የሚለቀሙት የማንትል ቁርጥራጮች አሉ፤ ከአህጉር ሥር እንጂ ከሸንተረር ሥር አልመጡም፣ ባሕርም አልነካቸውም፤ ኦሊቪን ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግን ከእነርሱ የተሻለ መምህር አላውቅም።

የላቦራቶሪያችን የናሙና ማስረከቢያ ቅጽ አንድ መስመር እንዲጨመርበት እጠይቃለሁ፤ «የቲን ሴክሽን ቁጥር» የሚል። መስመሩ ባዶ ከሆነ ድንጋዩ ለባለቤቱ ይመለስ። ቅጹን አሻሽዬ አትሜ አምጥቼዋለሁ፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ሳይፈርሙበት ወደ ሻዩ እንዳታሳልፏቸው።