በአራት ሰዓታት የሚያልቅ ታሪክ፦ በጄን ኮን የአንድ ምሽት የሚና ጨዋታ እንዴት ይታቀዳል?

[በማያው ላይ፦ ሰፊ የስብሰባ አዳራሽ፤ በረድፍ የተደረደሩ ጠረጴዛዎችና በዙሪያቸው የተቀመጡ ተጫዋቾች]

በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኢንዲያናፖሊስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌ ወር መገባደጃ ላይ የሚካሄደው ጄን ኮን የተባለው የጨዋታ አፍቃሪዎች ጉባኤ፣ በአራት ቀናት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያስተናግዳል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ትኬት ቆርጠው፣ ከዚያ በፊት ፈጽሞ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና አንድን ታሪክ ለአራት ሰዓታት ያህል በጋራ ይጫወታሉ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የተጀመረው ጨዋታ አምስት ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት፤ ተጫዋቾቹ በማግስቱ ወደየመጡበት ስለሚበተኑ የቀረውን ለሌላ ቀን ማሳደር አይቻልም። በዚህ ቪዲዮ የምንመለከተው፣ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ለመምራት ኃላፊነት የወሰደ ሰው አስቀድሞ ምን ማዘጋጀት እንዳለበት ነው። ዝግጅቱ ሁሉ የሚነሣው ከአንድ ግዴታ ነው፤ ተጫዋቾቹ የታሪኩን ፍጻሜ ሳያዩ ከጠረጴዛው መነሣት የለባቸውም።

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታን ለማያውቁ ተመልካቾች ጥቂት እንበል። አንዱ ሰው የጨዋታው መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን ይገልጻል፣ ተጫዋቾቹ በመንገዳቸው የሚያገኟቸውን ሰዎች ሁሉ ወክሎ ይናገራል፣ ሕጉንም ያስፈጽማል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዙና ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይወስናሉ። ድርጊቱ መሳካቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ፣ ማለትም በየገጹ ቁጥር ያለበት መጫወቻ ይጣላል። መድረክ የለም፣ የተጻፈ ቃለ ተውኔትም የለም፤ ታሪኩ የሚፈጠረው በንግግር ነው።

[በማያው ላይ፦ የዊስኮንሲን ግዛት ካርታ፤ ሌክ ጄኒቫ ከተማ በነጥብ ተመልክታ]

ጉባኤውና ይህ የጨዋታ ዓይነት አብረው ያደጉ ናቸው። ጄን ኮን እ.ኤ.አ. በ1968 በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው በሌክ ጄኒቫ ከተማ፣ በጋሪ ጋይጋክስ አዘጋጅነት የጦርነት ጨዋታ ወዳጆች መገናኛ ሆኖ ተጀመረ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር ያዘጋጁት ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ታትሞ ወጣ፤ በንግድ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የሚና ጨዋታም እርሱ ነው። ይህ ጨዋታ በመኖሪያ ቤት ሲካሄድ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቀጥል ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ከሳምንት ሳምንት ልምድ እያካበቱ ያድጋሉ። ጉባኤ ግን ይህን ጊዜ አይሰጥም። በ1975 በባልቲሞር በተካሄደው ኦሪጂንስ በተባለው የመጀመሪያ ጉባኤ ላይ ጋይጋክስ ለውድድር የሚሆን ጀብዱ፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋጀ የጨዋታ ታሪክ ሲያቀርቡ፣ የብዙ ቡድኖችን ብቃት ማወዳደር የሚቻለው ሁሉም ከአንድ ቦታ ተነሥተው፣ በእኩል ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ፈተና ሲገጥማቸው ብቻ ነበር። በኋላ የጋይጋክስ ኩባንያ ቲኤስአር ለውድድር የተሰናዱ ጀብዱዎችን ቀድመው ከተዘጋጁ ገጸ ባሕርያትና ከነጥብ አሰጣጥ ሥርዓት ጋር ማሳተም ጀመረ። ዛሬ በጉባኤዎች የሚካሄደው የአንድ ምሽት ጨዋታ በአብዛኛው ነጥብ መቁጠሩን ትቷል፤ ነገር ግን የተወሰነ ጊዜ፣ የተወሰነ ቦታና አስቀድሞ የተዘጋጀ ገጸ ባሕርይ የሚሉትን ሦስቱን ነገሮች ከዚያ ዘመን ወርሷል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንግባ፤ መጀመሪያ የሚሠራው የሰዓት ሒሳብ ነው። አራት ሰዓታት ማለት ሁለት መቶ አርባ ደቂቃ ነው። ሰዎች ቦታቸውን እስኪያገኙ አሥር ደቂቃ፣ ገጸ ባሕርይ ለመምረጥ አሥር፣ ሕጉን ለማስረዳት አሥር፣ በመካከል ለዕረፍት አሥር፣ በመጨረሻም ለመሰናበቻና ጠረጴዛውን ለሚቀጥለው ቡድን ለመልቀቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ስንቀንስ ለታሪኩ የሚተርፈው አንድ መቶ ሰማንያ አምስት ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ይህም ሁሉም በሰዓቱ ከተገኘ ነው።

ከዚህ ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ውጊያ ነው። በደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ስድስት ተጫዋቾች ቢኖሩና እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ አስቦ፣ ዳይስ ጥሎ፣ ቁጥሩን ደምሮ እስኪጨርስ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንድ ዙር ለተጫዋቾቹ ብቻ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። መሪው የጠላቶቹን ተራ በአራት ደቂቃ ቢጨርስ አሥራ ስድስት ይሆናል፤ ውጊያው አራት ዙር ከቀጠለም ስልሳ አራት ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። ሁለት ሙሉ ውጊያዎች ለታሪኩ ከተረፈው ጊዜ ሁለት ሦስተኛ በላይ ይወስዳሉ። ስለዚህ አንድ ትልቅ ውጊያ ለፍጻሜው ማስቀመጥ፣ ከእርሱ በፊት የሚመጣውን ግጭት ደግሞ በሁለት ዙር የሚቋጭ ማድረግ፣ ወይም በንግግር፣ በሽሽትና በማታለል ጭምር የሚፈታ አድርጎ ማቀድ ይገባል። ሕጉ ቀለል ያለ ሌላ ጨዋታ መምረጥም ይቻላል፤ ለምሳሌ በ1981 የታተመው ኮል ኦቭ ክቱሉ የመሳካት ዕድልን በመቶኛ ስለሚገልጽ፣ "ሥልሳ ከመቶ ትችላለህ" የተባለ አዲስ ተጫዋች ያለ ሌላ ማብራሪያ ይገባዋል።

[በማያው ላይ፦ የሰዓት መስመር፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚሞላ]

ሒሳቡ ከታወቀ በኋላ ታሪኩ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይነደፋል። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ለዚህ ቪዲዮ ያዘጋጀነውን አንድ ታሪክ እንውሰድ። በአንዲት ደሴት ላይ የመርከብ መምሪያ መብራት ያለበት ግንብ አለ፤ መብራቱ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ጠባቂውም የለም፤ ዛሬ ሌሊት ደግሞ በስደተኞች የተሞላች መርከብ በዚያ በኩል ታልፋለች። ፍጻሜው አስቀድሞ ይታወቃል፦ ተጫዋቾቹ በግንቡ አናት ላይ ሆነው፣ መርከቧ እየቀረበች ሳለ፣ መብራቱ እንዳይበራ ከሚፈልገው ኃይል ጋር ይጋፈጣሉ። መብራቱ ይብራ ወይስ አይብራ የእነርሱ ሥራ ይወስነዋል፤ ወደዚያ ስፍራ መድረሳቸው ግን ለዕድል የሚተው ጉዳይ አይደለም። ጨዋታው በዐራት ሰዓት ከአርባ አምስት እንዲያልቅ ከተፈለገና የመጨረሻው ትዕይንት ውጊያውን ጨምሮ ስልሳ አምስት ደቂቃ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ሰዓቱ ሦስት ከአርባ ሲል ተጫዋቾቹ የግንቡን ደረጃ መውጣት መጀመር አለባቸው። ይህን ሰዓት በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፎ ከፊት ማስቀመጥ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ትዕይንትም እንዲሁ መቆጠብን ይጠይቃል። ብዙ አዘጋጆች ገጸ ባሕርያቱን በአንድ መጠጥ ቤት አገናኝተው፣ ሥራውን የሚሰጣቸው ሽማግሌ እስኪመጣ ያስጠብቋቸዋል፤ ተጫዋቾቹም ሥራውን እንቀበል አንቀበል በሚል ክርክር ግማሽ ሰዓት ያጠፋሉ። በእኔ እምነት ይህ ክርክር በጉባኤ ጨዋታ ላይ ፈጽሞ ቦታ የለውም። ተጫዋቹ ትኬት ሲቆርጥ ጀብዱውን ተቀብሏል። ስለዚህ ጨዋታው የሚጀምረው ጀልባዋ በማዕበል እየተንገላታች ወደ ደሴቷ ስትጠጋ ነው፤ የመሪው የመጀመሪያ ጥያቄም "ጀልባዋ ዓለት ልትመታ ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ?" የሚል ይሆናል። አዲስ ተጫዋች እንኳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር ወስኖ፣ አንድ ጊዜ ዳይስ ጥሎ፣ የጨዋታውን አካሄድ በተግባር ያውቀዋል።

በመካከል የሚመጡት ትዕይንቶች ደግሞ ሊቀነሱ የሚችሉ መሆን አለባቸው። በእኛ ታሪክ የጠባቂው መኖሪያ ቤት፣ የዘይት መጋዘኑና የባሕር ዳሩ ዋሻ አሉ። ጊዜ ከበቃ ሦስቱም ይታያሉ፤ ካልበቃ ዘይቱ በጠባቂው ቤት ጓዳ ውስጥ ይገኝና መጋዘኑ ይቀራል፤ ከመሪው በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ወደ ፍጻሜው የሚያደርስ መረጃም በአንድ በር በስተጀርባ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ጠባቂው የት እንዳለ ከማስታወሻ ደብተሩም፣ ከፈራው ልጁም፣ በአሸዋው ላይ ካለው ዱካም ማወቅ ሲቻል፣ ተጫዋቾቹ ሁለቱን ቢያልፏቸው እንኳ ሦስተኛው ያገኛቸዋል። ዋናውን መረጃ በዳይስ ውጤት ላይ ማንጠልጠል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ስድስቱም መጥፎ ቁጥር ቢጥሉ ታሪኩ እዚያው ይቆማል። ዳይሱ መረጃው ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ይወስን፤ መገኘቱን ግን አይወስን።

[በማያው ላይ፦ አንድ ገጽ የገጸ ባሕርይ ወረቀት፤ ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች በቀለም ተከበው]

ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ አስቀድመው ተዘጋጅተው መቅረብ አለባቸው፤ በቦታው ላይ መፍጠር ብቻውን አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። እያንዳንዱ በአንድ ገጽ ይጻፋል፤ ከገጹ ላይ ተጫዋቹ በዚያ ምሽት የማይጠቀምባቸው ቁጥሮች ይነሣሉ። ቁጥሮቹ ግን የወረቀቱ ትንሽ ክፍል ናቸው። የማይተዋወቁ ሰዎች በፍጥነት አብረው እንዲጫወቱ የሚያደርጋቸው ገጸ ባሕርያቱን የሚያስተሳስር ግንኙነት ነው። የጀልባዋ ባለቤት ከስድስት ዓመት በፊት የወታደሩን ወንድም ከባሕር ሳያወጣ ቀርቷል፤ ሐኪሟ በመርከቧ ላይ እናቷ እንዳሉ ታውቃለች፤ ወታደሩ ደግሞ ሐኪሟን እንዲጠብቅ ታዝዟል፣ ያዘዘውን ግን መናገር አይፈቀድለትም። እንዲህ ዓይነት ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር በየወረቀቱ ሲሰፍር፣ ተጫዋቾቹ መሪውን ሳይጠብቁ እርስ በርስ መነጋገር ይጀምራሉ፤ ምሽቱ ሕይወት የሚያገኘውም ያን ጊዜ ነው። ሁሉም ገጸ ባሕርይ መብራቱ እንዲበራ የሚፈልግበት የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ስንት ሰው እንደሚመጣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ስድስት መቀመጫ ተሸጦ አራት ሰው ሊመጣ ይችላል፤ በጄን ኮን ደግሞ ለአንድ ጨዋታ ያልተወሰነ አጠቃላይ ትኬት የያዙ ሰዎች በተጓደለው ቦታ ሊገቡ ይችላሉ። በመሆኑም ታሪኩ በሦስትም በስድስትም ሰው የሚሠራ፣ ከገጸ ባሕርያቱም ማንኛቸውም ቢጎድሉ የማይፈርስ መሆን አለበት። ዘይቱን ማቀጣጠል የምትችለው ሐኪሟ ብቻ ከሆነችና እርሷን የመረጠ ሰው ከሌለ፣ ስህተቱ የዕቅዱ ነው።

ለጉባኤው የሚላከው የምዝገባ መግለጫም የዝግጅቱ አካል ነው። ርዕሱ፣ የጨዋታው ሥርዓት፣ የሰው ብዛት፣ የዕድሜ ገደቡ፣ ቀደም ያለ ልምድ ማስፈለግ አለማስፈለጉ በግልጽ ይጻፋል። ታሪኩ አስፈሪ ከሆነ ወይም የሕፃን ሞትን የመሰለ ከባድ ጉዳይ የሚነካ ከሆነ እዚያው መነገር አለበት፤ ሰው ገንዘቡንና ምሽቱን ከመስጠቱ በፊት ምን እንደሚጠብቀው የማወቅ መብት አለው። በጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጆን ስታቭሮፖሎስ ያስተዋወቁት የኤክስ ካርድ በብዙ ጉባኤዎች የተለመደ ሆኗል። የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ በመካከል ይቀመጣል፤ አንድ ተጫዋች የተነሣው ነገር ከከበደው ካርዱን ይነካል፣ ያ ነገርም ያለ ምንም ጥያቄና ማብራሪያ ከታሪኩ ይወጣል። ለዓመታት የሚተዋወቁ ጓደኛሞች አንዱ የሌላውን ፊት አይተው ይረዱ ይሆናል፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት የተገናኙ ሰዎች ግን ይህን ማድረግ አይችሉም። ስለዚህ መሪው ካርዱን በቁም ነገር ማስተዋወቅና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካም ሳያንገራግር ማክበር ይኖርበታል።

ከጉባኤው በፊት ታሪኩን ለማያውቁት ሰዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ አጫውቶ፣ እያንዳንዱ ትዕይንት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መመዝገብ ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ የሃያ ደቂቃ የሚመስል ንግግር ሃምሳ ደቂቃ የሚወስደው ምን ላይ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

[በማያው ላይ፦ የምሽቱ ጠረጴዛ፤ የታጠፉ የስም ካርዶች፣ ዳይሶች፣ እርሳሶች]

በዕለቱ አዳራሹ ይንጫጫል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ቡድኖች በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። መሪው ሲናገር ቢቆም፣ የሩቁን ተጫዋች ወደ ራሱ ቢያቀርብ፣ የቦታዎቹን ስም በወረቀት ላይ ጽፎ በመካከል ቢያስቀምጥ ድምፁን ከመጨረስ ይድናል። የገጸ ባሕርያቱ ስም በታጠፈ ካርድ ላይ በሁለቱም በኩል ይጻፍ። በየጠረጴዛው ደጋግሞ የሚናገርና ዝም የሚል ሰው አይጠፋም፤ ዝም ያለውን "ምን ታደርጊያለሽ?" ብሎ በደፈናው ከመጠየቅ ይልቅ፣ "ልጁ እየሮጠ መጥቶ እጅሽን ያዘ፤ ምን ትዪዋለሽ?" ብሎ መልስ የሚያቀልል ጥያቄ ማቅረብ ይሻላል። ዕረፍቱ የሚሰጠው ደግሞ ተጫዋቾቹ ከባድ ውሳኔ ሊወስኑ ሲሉ ቢሆን መልካም ነው፤ ውኃ ሊጠጡ ሄደው ስለዚያው እየተከራከሩ ይመለሳሉ።

መብራቱ ከበራ ወይም ለዘለዓለም ከጠፋ በኋላ ለየተጫዋቹ አንድ አንድ ደቂቃ ይሰጥ፤ ገጸ ባሕርይው ከአንድ ዓመት በኋላ የት እንዳለ ራሱ ይናገር። ይህን ክፍል ሰዓት አጠረ ብሎ መዝለል አይገባም፤ ሰዓት ካጠረ የሚያጥረው ውጊያው ይሁን፤ ጠላቶቹ ይሸሹ ወይም መሪው የቀረውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይተርክ። ከዚያ ትኬቶቹ ተሰብስበው ለአዘጋጆቹ ይሰጣሉ፣ የገጸ ባሕርያቱ ወረቀቶች የወደዷቸው ተጫዋቾች ይዘዋቸው እንዲሄዱ ይፈቀዳል፣ በዚያ ምሽት ከታሰበው በላይ የፈጀው ትዕይንትም ከመረሳቱ በፊት ተጽፎ ይያዛል፤ ያው ታሪክ በማግስቱ ለሌሎች ስድስት ሰዎች የሚቀርብ ከሆነ መጀመሪያ የሚያጥረው እርሱ ነው።