«ደህና ነው» አልኳት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ደረጃው አላወራም። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ጉልበቴም ያው ነው፣ ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ ጋሼም አጠገቤ የለም። የወንዶች ጸሎት ስላለ ወደ ኢስሊ፣ እዚሁ ናይሮቢ ወዳለው ሠፈር፣ ሄዷል። ለሠፈራችን ውሃ የሚለቀቀው ዛሬ ስለሆነ ቧንቧውን ከፍቼ ትቼዋለሁ። ኮሽታ ከሰማችሁ እሱ ነው።

ባለፈው ስለ ስዋሂሊ ትምህርቴ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ለጋሼ ነግሬዋለሁ። ለጌታም ነግሬዋለሁ። ለእናንተ ግን አልነገርኩም።

ልጁ የመጣው እሑድ ነው፣ ከአምልኮ በኋላ። ማን እንዳመጣው፣ የት እንደሚያድር አልናገርም። ስሙንም አልጠራም። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለኝ። እኔ 31 ዓመት አዋላጅ ነበርኩ፤ ልጅ አይቼ ዕድሜው አይጠፋኝም። አሥራ ሰባት ቢሞላው ነው። አማርኛውን ሲጀምር ከየት እንደሆነ አወቅኩ። በሃዲይኛ «የማን ልጅ ነህ?» ስለው ፊቱ ልውጥ አለ። ማልቀስ ፈልጎ ነበር መሰለኝ። አላለቀሰም።

በእጁ አንዲት ቋጠሮ ይዟል። እናቱ የቋጠረችለት በሶ ነው። ጨርቁ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ነው፣ ጥለቱ ዳር ላይ ይታያል። ላብ ይሁን ዝናብ አላውቅም፣ ዱቄቱ ረጥቦ ደርቋል። ቋጠሮው እንደ ጭቃ ጠንክሯል። ከሞያሌ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ይዞት መጥቶ አንድ ጭብጥ የማይሞላ ቀርቶታል። «ለምን አልጨረስከውም?» አልኩት። «ካለቀ በቃ አለቀ ነዋ» አለኝ።

ከዚያ «እማማ፣ ስልክዎን ያውሱኛል? እናቴን ላናግራት» አለ። ሰጠሁት። ለዚህ ነው የመጣሁት። ጋሼ እንደሚለው የእኛ አገልግሎት ግማሹ ስልክ ማዋስ ነው።

ደወለ። እኔ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ፤ ግን ይሰማኛል። «እማዬ፣ ገብቻለሁ» አላት። «ጆበርግ ገብቻለሁ። አዎ። ዛሬ ጠዋት።»

ናይሮቢ ቆሞ ነው እንግዲህ ደቡብ አፍሪካ ገባሁ የሚላት። ከኋላው ማታቱው፣ የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ፣ ጥሩምባውን ይነፋል። ረዳቱ «ታውን! ታውን!» ይላል።

ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው። «እዚህ ያለች የአገር እናት ናት፣ አናግሪያት» እያለ። ዓይኑን ብታዩት። አልለመነኝም። ዝም ብሎ ብቻ አየኝ። እኔም ተቀበልኩት።

«እህቴ» አለችኝ። ድምጿ ቀጭን ነው። ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል። «ደርሷል ወይ?»

እኔም «ደህና ነው» አልኳት።

አያችሁ? «ደርሷል» አላልኩም። «አልደረሰም»ም አላልኩም። ደህና ነው። ፊት ለፊቴ ቆሟል፣ ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው። እውነት ነው። ግን እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«በልቷል?»

«ይበላል።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አንቺ ወልደሻል?» አለችኝ።

«አራት ወልጃለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው አደራ» አለች። እና መስመሩ ተቋረጠ። ካርዱ አልቆ ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ። «እሺ» ብያታለሁ? ወይስ «እሺ» ልል ስል ነው የተቋረጠው? ሌሊት ተኝቼ እደግመዋለሁ። «እንግዲያው አደራ» ትላለች፣ እኔ አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ቱ፣ ቱ፣ ቱ። አንዳንድ ሌሊት ብያታለሁ። አንዳንድ ሌሊት አላልኳትም። ጋሼ «ምን ለውጥ አለው?» ይለኛል። እንዴት ለውጥ የለውም? አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል ነው ያደግነው። አደራ የሰጠ ሰው ሰጥቷል። የተቀበለው ግን ተቀብሏል ወይስ አልተቀበለም?

ስልኬ ላይ 4 ደቂቃ ይላል። ከእኔ ጋር ያወራችው አንዱን ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በስዋሂሊም እኮ ደቂቃ «ዳኪካ» ነው። ይሄን ሳውቅ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! ሰዓቱንም እንደ እኛ ነው የሚቆጥሩት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት «ሳ ሞጃ» ነው። መጀመሪያ የመጣን ሰሞን ሁሉም ነገር እንግዳ ሆኖብኝ ሳለ ሰዓቱ ብቻ የአገሬ ሰዓት ነበር። ለሻይ ሻጯ ይህን ነግሬያት እጄን ይዛ ሳቀች። አሁንም ሳልፍ «ሾሾ፣ ሳ ንጋፒ?» ትለኛለች፤ ስንት ሰዓት ነው ማለቷ ነው። ሾሾ ማለት አያት ማለት ነው። ማታቱ ውስጥም ረዳቱ «ሾሾ ትቀመጥ» ብሎ ጎረምሳ ያስነሳልኛል። ይህች ከተማ አክብራኛለች፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ።

እኔ የሆሳዕና ሰው ነኝ። መንገዱን የማላውቀው አይደለም። በመጋቢት 2012 ቴቴ፣ ሞዛምቢክ ውስጥ፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ሰው አየር አጥሮት ሞቶ ሲገኝ ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። በታኅሣሥ 2015 ዛምቢያ ውስጥ፣ ሉሳካ ዳር 27 አስከሬን መንገድ ላይ ተጥሎ ሲገኝም እንደዚያው ነበር። የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው ሲባል እኛ ከተማ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን ማንሳት ነው። ልጁ የሚያነሳለት ይስቃል፣ ያለቅሳል። የማያነሳለት ይቀመጣል። እነዚያን የሚቀመጡትን እናቶች አይቻለሁ። እጃቸውን ይዣለሁ።

ታዲያ ያንን ሁሉ አውቄ፣ ሌላ እናት ስትጠይቀኝ «ደህና ነው» አልኳት።

ምን ማለት ነበረብኝ? «አልደረሰም፣ ኬንያ ነው፣ ገና ታንዛኒያ አለ፣ ገና ማላዊ አለ» ልበላት? ልጇ ፊቴ ቆሞ እያየኝ? ወይስ ስልኩን አልቀበልም ልበል? የግብፅ አዋላጆች ትዝ አሉኝ፤ ፈርዖንን እንዴት እንደመለሱት። እግዚአብሔርም በጎ አደረገላቸው ይላል። አዋላጅ ስለነበርኩ ያን ምዕራፍ ዕድሜዬን ሙሉ እወደዋለሁ። ግን እነሱ ሕፃን ለማዳን ነው። እኔ ማንን አዳንኩ?

ሌላም አለ። ይህን ያነሳብኝ ጋሼ ነው፤ ባያነሳው እመርጥ ነበር። አንዳንድ ደላላ ቀሪውን ብር የሚቀበለው ልጁ «ገባሁ» ብሎ ሲደውል ነው። እንግዲህ የዚያች ሴት በሬ ተሸጦ ይሆን? መሬቷ ተይዞ ይሆን? የእኔን ቃል ሰምታ ቀሪውን ከፍላ ይሆን? ልጁ ያንን አደረገ አልልም። ምናልባት እንድትተኛ ብሎ ነው። ልጅ እናቱ እንድትተኛ ብዙ ነገር ይላል። የእኔዎቹም ብለውኛል።

አያቴ ሆሳዕና የገቡትን የመጀመሪያዎቹን ሚስዮናውያን አይታለች። 1920 ገደማ ነው። ስለ ስብከታቸው ስትናገር አልሰማሁም። የምታወራው ቁስል ስለማጠባቸው ነው። ሙቅ ውሃ፣ ጨርቅ፣ ጨው። እኔም ጡረታ ወጥቼ፣ ልጆቼን ድሬ፣ ቤተ ክርስቲያን እጇን ጭና ስትልከን ይህን አስቤ ነው የመጣሁት። እጄ ሥራ ያውቃል ብዬ። ሰኞ ሆስፒታል የተኙትን እጠይቃለሁ። ረቡዕ ሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ይመጣሉ፤ ቡና እናፈላለን፣ እንጸልያለን፣ አንዷ እግሯን ታሳየኛለች፣ አንዷ ደብዳቤ ታስነብበኛለች። በየመሃሉ ጀሪካን መሙላት አለ፣ ሽሮ መሥራት አለ። ይህን እችላለሁ። ቁስል ቢያመጣልኝ አጥብለት ነበር። እሱ ስልክ አመጣልኝ።

ልጁ ስንለያይ «መንገዴ እንዲቀና ይጸልዩልኝ» አለኝ። እጄን ጫንኩበት። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። መንገዱ ይቅና ብል ወደዚያ መኪና እየሸኘሁት ነው። መንገዱ ይዘጋ ብል ተስፋውን ሁሉ ይዞ ፊቴ ቆሟል። ዝም ብዬ «ጠብቀው፣ ጠብቀው፣ ጠብቀው» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። እሱ «አሜን» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው።

ተመለስ አላልኩትም። ልለው ነበር። ማክሰኞ ና፣ ምሳ እንብላ፣ እናወራለን አልኩት። ዶሮ ሠራሁ። አልመጣም። ያመጣውን ሰው ጠየቅሁ፤ «ሄደዋል» አለኝ።

በሶውን ትቶልኝ ሄዷል። ማእድ ቤት መደርደሪያው ላይ ነው፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ። አልፈታሁትም። ጋሼ ነፍሳት ይገባበታል ይላል። ይግባበት።

እናቲቱ ደግሞ ሚስኮል ታደርጋለች። በየእሑዱ፣ ወደ ማታ። አንዴ ይጠራል፣ ይቆማል። የደወልነው በእኔ ቁጥር ነው አይደል? 254 ብሎ ይጀምራል። የደቡብ አፍሪካ 27 ነው። እዚያ አገር ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። አንድ ሰው «ይሄ እኮ ኬንያ ነው» ሳይላት አይቀርም። ወይስ ያኔም ታውቅ ነበር? «ወልደሻል ወይ» ያለችኝ ለዚያ ነበር? እያወቀች ከሆነ አደራው ሌላ ነው። ከባድ ነው። እኔ ግን...

አልደወልኩላትም። ሦስት እሑድ። ካርድ ሞልቻለሁ። ቁጥሯን አውጥቼ አየዋለሁ። ደውዬ ምን ልበላት? የት እንዳለ አላውቅም። «አላውቅም» ለማለት መደወል... ምናልባት ይሻላል። አንዳንዴ ይሻላል እላለሁ፤ ሲነጋ ደግሞ አይሻልም እላለሁ። ነገ እሑድ ነው። ነገ ስትደውል ላነሳው...

ቆዩ፣ ውሃው መጣ። ሰማችሁት? ቶሎ ካልሞላሁ ይሄዳል።