ድንጋዩን አትናቁት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

የተጋበዝኩት ስለ ማዕድን ካታሊስቶች፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን ስለሚያፋጥኑ ድንጋዮች፣ አጠቃላይ ገለጻ እንዳደርግ ነው። አደርጋለሁ፤ የመጣሁት ግን አንድ ቅሬታ ይዤ ነው።

ታርን ለዚህ አዳራሽ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። እንጨትና ገለባ ወደ ጋዝ ሲለወጡ አብሯቸው የሚወጣው ይህ ጥቁር ሙጫ የስንቶቻችንን ማጣሪያና ቧንቧ ደፍኗል! አሸዋው በአየር ግፊት ከሚፈላበት ጋዚፋየር (ጋዝ ማምረቻ ምድጃ) በሚወጣ ጋዝ ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 10 ግራም ገደማ ይገኛል፤ የጋዝ ሞተር ግን የሚችለው 100 ሚሊግራም ያህል ነው።

ዶሎማይትን፣ ማለትም የካልሲየምና የማግኒዥየም ካርቦኔት ድንጋይን፣ ከ800 እስከ 900 ዲግሪ ስናቃጥለው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለቆ የካልሲየምና የማግኒዥየም ኦክሳይድ ይሆናል። ታሩ በዚያ ገጽ ላይ ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ ተሰብሮ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ቆሻሻ ያልነው ነዳጅ ሆነ ማለት ነው! ጉድለቱ መፈርፈሩ ነው፤ ዱቄት ሆኖ ከጋዙ ጋር ይወጣል። ሌላው ድንጋይ፣ የማግኒዥየምና የብረት ሲሊኬት የሆነው ኦሊቪን፣ ጠንካራ ነው፤ ታር የመስበር አቅሙ ግን ከዶሎማይት ያንሳል። እንዲህ ብለን እናስተምራለን።

ግን የስዊድኑን ጎቢጋስ አስታውሱ። ጎተንበርግ ላይ ከእንጨት 20 ሜጋዋት ባዮሜቴን እንዲያመርት የተሠራ ፋብሪካ ነበር። መጀመሪያ አዲስ ኦሊቪን ሞሉበት፤ ታሩ በዝቶ የጋዙን ማቀዝቀዣ ደፈነባቸው። ብዙዎቻችን ብንሆን ድንጋዩን አውጥተን ከኒኬል የተሠራ ካታሊስት እንፈልግ ነበር። እነሱ ግን ፖታሲየም ካርቦኔት ጨመሩ። ተራ ጨው! ታሩ ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻም ጋዙ ወደ ከተማው መስመር ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ በኦስትሪያው የጉሲንግ ጋዝ ማምረቻ፣ ሥራ ላይ የቆየው ኦሊቪን ከእንጨቱ አመድ ካልሲየም እየለበሰ ከአዲሱ ይልቅ ታር መስበር ችሎ ነበር። ድንጋዩ አቅም የሚያገኘው ሥራ ላይ ሲቆይ ነው።

እኛስ ምን እናደርጋለን? አዲስ ድንጋይ ወስደን፣ ንጹሕ ናይትሮጅን ውስጥ በታር ፋንታ ቶሉዊን የተባለውን አንድ ውህድ ብቻ ቀላቅለን፣ ለጥቂት ሰዓት ሞክረን «ደካማ ነው» ብለን እንጽፋለን! ድኝ የለም፣ አመድ የለም፣ በታር ውስጥ ያለው፣ ለመሰበር የሚያስቸግረው ናፍታሊን የለም። በእንዲህ ዓይነት ውድድር ኒኬል ባያሸንፍ ነበር የሚገርመው! እውነተኛው ጋዝ ውስጥ ሲገባ ድኙ ይመርዘዋል፣ ካርቦን ይሸፍነዋል፤ ሲጣልም ራሱ መርዝ ነው። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታዲያ ለምን በጽሑፎቻችን መግቢያ ላይ ብቻ ይቀራል?

ስለ ግፊት ባጭሩ፦ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ከፍ ሲል ዶሎማይት መልሶ ካርቦኔት ይሆንና ይደክማል። ብረት በዛ ያለበት ዶሎማይት ደግሞ ይበልጥ ንቁ ነው፤ ስለዚህ የድንጋዩን ኬሚካዊ ይዘት ሳትገልጹ «ዶሎማይት» ብላችሁ አትለፉ።

ጽሑፍ የምትገመግሙ ሁሉ፣ ካሁን በኋላ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፦ ድንጋዩ ከመለካቱ በፊት ምን ያህል ሰዓት ሠራ? የተሞከረውስ በእውነተኛ ጋዝ ነው? መልስ ከሌለው ጽሑፉን ለጸሐፊው መልሱት።

አመሰግናለሁ።