ቀጥሎ ያለው መስኮት

በባሕር ዳር ለአዲስ ተቀጣሪ የመንግሥት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ የድሮ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ሥራ ልትጀምሩ የተሰበሰባችሁ ልጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ!

ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ፋይል በማውጣትና በመመለስ ነው። ኃላፊ ሆኜ አላውቅም። ስለዚህ ስለ ዕቅድና ስለ ስትራቴጂ አላወራችሁም፤ እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ይነግሯችኋል። እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ትንሽ ላውራ።

ዛሬ ወደዚህ የመጣሁት በሐይቁ ዳር በእግሬ ነው። መንገድ ጠራጊዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ዘንባባዎቹ ሥር አረፍ ብለዋል። አንድ የደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ቀስ እያለ ወደ ዳር ይቀዝፋል። አስፋልቱ ላይ ስደርስ ትራፊክ ፖሊሷ ባጃጆቹን አስቁማ አሳለፈችኝ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ደግሞ ቧንቧ ከፍቼ ፊቴን ታጥቤአለሁ፣ መብራት አብርቼ ሻይ አፍልቻለሁ። ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልሞላም ነበር። የስንት መሥሪያ ቤት ሥራ ተጠቅሜ ወጣሁ! አንዳቸውንም ግን አላሰብኳቸውም። ቧንቧው ደርቆ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ አስባቸው ነበር።

ይህ ሁሉ መሥሪያ ቤት ድሮ አልነበረም። አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ነበሩ። ፍርዱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ ጦሩን ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ንግድና የውጭ ጉዳዩን ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰጡ። ገንዘብ፣ እርሻ፣ አገር ግዛት፣ ሥራ፣ ግቢ የሚባሉም ነበሩ። ልብ በሉ፤ ከዘጠኙ ውስጥ ትምህርት የለም፣ ጤና የለም፣ ውኃም የለም። ጽሕፈት ግን ነበረ። እሱን የያዙት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት የሚመራ ሚኒስትር ገና ሳይኖር፣ የሚጽፍና ጽሑፉን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ግን ያስፈልጋል ተብሎ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐይቃችን ልመለስ። የልመናዬን ነገር ከመዝገብ ቤት ይልቅ ጣና በደንብ ያስረዳልኛል።

ባሕር ዳር ላይ የጣናን ውኃ ከፍታ መለካት የተጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ውኃው ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት መለኪያ ይተከላል። ሰው ይመጣል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ቀኑን ጽፎ ይመዘግባል። ነገም ይመጣል። ዝናብ ቢሆን፣ በዓል ቢሆን ይመጣል። ማንም አያጨበጭብለትም። መንግሥት ሲለወጥም መዝገቡ ቀጠለ።

ያ ቁጥር ምን ይሠራል? ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ አለ። በ1988 ዓ.ም. ሲሠራ ሁለት በሮች ነበሩት። በኋላ አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። በሮቹ ሲከፈቱ ውኃው ወደ ጢስ ዓባይ የመብራት ማመንጫዎች ይወርዳል። የመጀመሪያው ማመንጫ ከ1956 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሁለተኛው በ1993 ተጨመረ። እንግዲህ ምን ያህል ይለቀቅ ለማለት ሐይቁ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ማወቅ ግድ ነው። ይህን የሚነግራቸው ያ በየቀኑ የሚጻፍ ቁጥር ነው።

1995 ዓ.ም.ን የምታስታውሱ ካላችሁ ታውቁታላችሁ። አብዛኞቻችሁ ገና ልጆች ነበራችሁ ወይም አልተወለዳችሁም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ዝናቡ አንሶ ነበር። አገሩ ግን መብራት ይፈልጋል፤ ውኃውም ይለቀቃል። ሰኔ ሲደርስ ጣና መለካት ከተጀመረ ወዲህ ባልታየ ደረጃ ወረደ። ጀልባዎቹ መሬት የሚነኩ ሆኑ። መጓጓዣው ለወራት ቆመ። በየደሴቱና በየዳርቻው የሚኖረው ሰው ገበያ የሚመጣው፣ በሽተኛውን የሚያመጣው በዚያው ጀልባ ነበር። ደንገሉ ብዙ ቦታ ላይ ደረቀ። ውኃው የሸሸበትን መሬት አይተው ደግሞ ገበሬዎች አረሱት። ማን ይፈርድባቸዋል? መሬት አጥሯቸው ነው።

አሁን ይህን እስቲ አስቡት። መብራቱን የሚያመነጨው መሥሪያ ቤት ሥራውን ሠርቷል። ከፍታውን የሚለካውም ለክቷል። ጀልባዎቹን የሚያንቀሳቅሰው የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። እርሻውም እንደዚያው። ዓሣ አጥማጁ ጋ ስትሄዱ ግን ይህ ሁሉ አንድ ችግር ነው። ቆሮሶም አምባዛም የሚራባው በዳር ባለው ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ ደንገሉ መሀል ነው። ለእሱ የመብራት በር፣ የደንገል መድረቅና የገበሬው ሞፈር የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። እኛ ግን በተለያየ ፋይል አስቀምጠናቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ተቆላልፏል። በ2002 ጣና በለስ ሥራ ጀመረ። የሐይቁ ውኃ በዋሻ አልፎ ወደ በለስ ይወርዳል፤ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በ2004 ደግሞ እንቦጭ መጣብን። ያን አረም ለማውጣት ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ዩኒቨርሲቲው፣ የአካባቢ ጥበቃው፣ እርሻው ሁሉም እጁን አስገብቷል። አረሙን የሚመግበው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ነገር ነው። ስለዚህ እንቦጭ የሚነቀለው ሐይቁ ላይ ብቻ አይደለም። ተራራው ላይ እርከን የሚሠራው የግብርና ባለሙያም፣ ከተማ ውስጥ ፍሳሽ የሚቆጣጠረውም ይነቅለዋል። በ2007 ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ደስ ይላል። መዝገብ ውስጥ የገባ ነገር ግን የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል፤ ይህንን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል።

ስለ ሰው ደግሞ ላንሳ። እኔ ልጅ ሆኜ ሽማግሌ «መቼ ተወለዱ?» ሲባል «አንበጣ የመጣ ዓመት» ይል ነበር። ለወሬ ያምራል። ለጡረታ ግን አይሆንም። ለፍርድ ቤትም አይሆንም፤ ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው ወይስ 18 የሚለው ነገር ሕይወቷን ይወስናል። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የነበረች ልጅ ስንት ጊዜ በአንድ ወረቀት እንደተረፈች ወይም ወረቀት በማጣት እንደተዳረች የሚያውቁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሞት በ30 ቀን። ከእናንተ ውስጥ ቀበሌ የምትመደቡ ይህን አትናቁት። የክትባት ብዛት፣ የመማሪያ ክፍል ብዛት፣ የውርስ ክርክር ሁሉ እዚያች ደብተር ላይ ቆሞ ነው የሚሄደው። አሁን ደግሞ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ አለ፤ ቁጥሩ 12 አኃዝ ነው። ቁጥሩ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ላይ የሚያያዘው ስም ትክክል ካልሆነ ግን ቁጥሩም ስህተቱን ይዞ ይዞራል።

የስምን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው። በቤቴ ደርሶብኛል።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሲሞት እናቴ የተተኪ ጡረታ መጠየቅ ነበረባት። የአባቴ ስም በ«ሀ» ድምፅ ይጀምራል። የቅጥር ፋይሉ ላይ በሃሌታው «ሀ» ተጽፏል። የጋብቻ ወረቀታቸው ላይ በብዙኃኑ «ኀ»። በጆሮ አንድ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ግን «ሁለት ሰው ነው» አለን። «አንድ ሰው መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ አምጡ» ተባልን። ደብዳቤ ሊጽፍልን የሚችለው ቦታ ሄድን፤ «መጀመሪያ ከቀበሌ ይምጣ» አሉ። ቀበሌ ሦስት ምስክር ጠየቀ። ምስክር ይዘን ስንመጣ ማኅተም የያዘው ሰው ስልጠና ሄዷል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ስብሰባ። ከዚያ ሲስተም የለም። ከዚያ «ፎቶ ኮፒው አይነበብም»። እናቴ ምርኩዝ ይዛ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሳለች። ቆጥሬዋለሁ። አሥራ አንደኛው ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ «እሱን ቀብሬው ሳልጨርስ ነው እንዴ የምሞተው?» አለችኝ።

ማንም ጉቦ አልጠየቀንም። ማንም አልሰደበንም። ሁሉም «ማዘር፣ ይቅርታ፣ የእኛ ሥራ አይደለም» ነው ያሉን። ያንን ነው የማልረሳው።

የጨረሰችልን አንዲት ወጣት ናት። ሥራ ከጀመረች ዓመት አልሆናትም ነበር። እናቴን ወንበር ሰጠቻት። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታ አየች። ከዚያ ስልክ አነሳች። የቅጥር ፋይሉ ያለበት መሥሪያ ቤት ደውላ የምታውቀውን ሰው በስሙ ጠራችው፤ «የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የቅጥር ቀን አንብብልኝ» አለችው። ገጠመ። የራሷን ማስታወሻ ጽፋ፣ ኃላፊዋን አስፈርማ፣ አያይዛ ላከችው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስንቱን ሰው እኔ ራሴ እንዲህ እንደመለስኩ አሰብኩ። «ፋይሉ እዚህ የለም» ብያለሁ። እውነቴን ነበር፤ የለም። የት እንዳለ ግን አውቅ ነበር ወይም አንድ ስልክ ደውዬ ማወቅ እችል ነበር። ሰውየው ግን ከዳንግላ አድሮ መጥቷል። አልጠየቅኩትም። ከዚያ ቀን በኋላ በቀሩኝ ዓመታት «እዚህ የለም» ካልኩ «እዚያ ነው፣ እገሌን ጠይቅ» ሳልል ሰው አልሸኘሁም። ቀድሞ የሸኘኋቸውን ግን መመለስ አልችልም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ከእናንተ መስኮት ቀጥሎ ያለውን መስኮት እወቁት። በመጀመሪያው ወር ሄዳችሁ እዩት። ምን እንደሚሠሩ፣ ምን ወረቀት እንደሚጠይቁ፣ ማን እንደሚፈርም ጠይቁ። የመሬት አስተዳደር ከሆናችሁ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ጋ ሂዱ። ጤና ጣቢያ የተመደባችሁ የልደት ማስታወቂያው ወረዳ ሲደርስ ምን እንደሚሆን እዩ። ገቢዎች የገባችሁ ንግድ ፈቃድ የሚሰጡት ጋ አንድ ቀን ዋሉ። ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። ባለጉዳይ ሲመጣ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ንገሩት፤ በቃል ሳይሆን ጽፋችሁ ስጡት። ማኅተም ከያዛችሁ ስትወጡ ለሰው አስረክቡ። ሲስተም ከሌለ ሰውየው ነገም ተመልሶ እንዳይለፋ ስልክ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ሲስተሙ ሲመለስ ደውሉለት። ካርድ ሊጨርስባችሁ ይችላል፤ አውቃለሁ፣ ደመወዙም ትንሽ ነው። እሱንም ለአለቆቻችሁ በእናንተው ፊት እላለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ስልክ ይሥራላቸው።

ባለጉዳዩም መብት አለው። ቢበደል የሚሄድበት የዕንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በ1992 በአዋጅ የተቋቋመ። የቅሬታ ሰሚ ክፍልም አለ። ወደዚያ የሚሄደውን ሰው እንደ ጠላት አትዩት። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፉት አስቸጋሪ ዓመታት መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ክትባት የሰጡ፣ ያዋለዱ፣ ያስተማሩ ሠራተኞች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶቹን አስቡ። ቤት ለቤት የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ብዙዎቻቸው ከእናንተ ዕድሜ አይበልጡም። ስማቸውን እዚህ መጥራት አልችልም፤ ሲመጡ ግን ወንበር ስጧቸው።

ፕሮግራሙ ላይ የሻይ ሰዓት ተብሎ የተያዘ ግማሽ ሰዓት አለ። የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ አስፈቅጄአለሁ። የፈለገ ከእኔ ጋር ይምጣ፤ አንድ ፋይል ከመግቢያ እስከ መደርደሪያ እንዴት እንደሚሄድ በእጃችሁ ይዛችሁ ታዩታላችሁ። የቤተሰባችሁን ስም በስንት ዓይነት ፊደል እንደሚጻፍም እዚያው እንሞክራለን። ሻዩን ይዛችሁ እንዳትገቡ ብቻ፤ ወረቀት ላይ ይፈሳል።

አመሰግናለሁ።